የሮቶው ቱቦ ተላቆ ቤታችን ውሃ ሞላ፤ ባንክ ያስገባን ኢንሹራንስ ይከፍላል?

ሰላም_ቱሉዲምቱ

ጤና ይስጥልኝ። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ፣ ጨንቆኛል።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ በማኅበር የተሠራ ጂ ፕላስ ዋን ቤት። ውሃ በፈረቃ ነው፣ እሱም ሌሊት ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ እንደ ጎረቤቱ ሁሉ እኛም ጣራ ላይ ሮቶ ሰቅለናል። ባለፈው ሰሞን ለለቅሶ ደብረ ብርሃን ሄደን አድረን ስንመለስ ከበሩ ሥር ውሃ እየወጣ ነው። ከሮቶው የሚወርደው ቱቦ ፎቅ ካለው ሻወር ቤት ኮርኒስ ውስጥ መጋጠሚያው ላይ ተላቋል። ሮቶው ውስጥ የነበረው ብቻ ወርዶ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፣ ግን በዚያ ሌሊት የመስመር ውሃ መጥቶ ስለነበር ከላይ ሲሞላ ከታች ሲፈስ ነው ያደረው። የሳሎኑ ጂፕሰም ግማሹ ሶፋው ላይ ወድቋል። ቁም ሳጥኑ ቺፕውድ ስለሆነ እግሩ እንደ ዳቦ አብጧል። ፍሪጁ አይሠራም። የልጆቹ ፍራሽ ሲጫኑት ውሃ ይተፋል።

ኢንሹራንስ አለን። ቤቱ በባንክ ብድር ስለተያዘ ባንኩ በየዓመቱ ያሳድሰናል። ወረቀቱ ከላይ «የእሳትና መብረቅ» ነው የሚለው። ደወልን፣ አንድ ሠራተኛ መጥቶ ፎቶ አነሳ፣ ከዚያ ከሻወር ቤቱ ጀርባ ያለውን ግድግዳ አየና «ይሄ እኮ የቆየ እርጥበት ነው፣ ስርገት አይሸፈንም» ብሎ ሄደ። የዚያ ግድግዳ ቀለም ከዓምና ጀምሮ ይላጥ ነበር፣ አልክድም። ግን ሳሎኑን ከዚያ ጋር ምን አገናኘው? በጽሑፍ የሰጡን ነገር የለም።

የእሳት ኢንሹራንስ ውሃን ይሸፍናል ወይ? ዕቃዎቹስ? ቢከፈልስ ገንዘቡ ለእኛ ነው ለባንኩ? ደግሞ ጥገና መጀመር እንችላለን ወይ? ቤቱ ሸትቷል፣ ትንሹ ልጅ ማሳል ጀምሯል።

ክሌም_ክፍል_የነበርኩ

እህቴ አይዞሽ፣ እንኳን ሰው አልተጎዳ። ብዙ ዓመት ካሳ ክፍል ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርሽ፣ ትንሽ ይረዝማል።

የእሳትና መብረቅ ኢንሹራንስ ብቻውን ከሆነ ውሃን አይሸፍንም። ስሙ የተጻፈውን አደጋ ብቻ ነው የሚሸፍነው፣ ያልተጻፈ የለም ማለት ነው። ግን አብዛኛው ሰው፣ በተለይ በባንክ በኩል የገባ፣ ከሥሩ ተጨማሪ ሽፋኖች ተያይዘውለት ይሆናል። ማዕበል፣ ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ሁከት፣ በተሽከርካሪ መገጨት፣ እና አንቺን የሚመለከትሽ «የውሃ ታንከር፣ የውሃ መሣሪያ ወይም ቧንቧ መፈንዳት ወይም ሞልቶ መፍሰስ» የሚለው። እነዚህ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይገዛሉ። ስለዚህ አሁኑኑ ፋይሉን አውጪና ከመጀመሪያው ገጽ አልፈሽ ኋላ የተያያዙትን ወረቀቶች እይ። ሰው ሁሉ የሚያየው የመጀመሪያውን ገጽና የአረቦኑን (ለኢንሹራንሱ የሚከፈለውን ገንዘብ) ደረሰኝ ብቻ ነው፣ ወሳኙ ነገር ግን ከኋላ ነው ያለው። ወረቀቱ እጅሽ ላይ ከሌለ ባንኩ ጋ ቅጂ አለ፣ መጠየቅ መብትሽ ነው። በእንግሊዝኛ ከሆነና ካስቸገረሽ ቅርንጫፉ ሄደሽ አንቀጹን በጣታቸው እንዲያሳዩሽ አድርጊ።

ሁለተኛ፣ ውሃ በኢንሹራንስ ዓይን አንድ ነገር አይደለም። ከየት መጣ ነው ጥያቄው። ከቤትሽ ቧንቧ ከወጣ አንድ ነገር ነው። ከመንገድ ወይም ከወንዝ ሞልቶ በበር ከገባ ጎርፍ ነው፣ ሌላ ሽፋን ነው። ዝናብ በጣራ ከገባ ደግሞ ሌላ ነው። ቀስ እያለ ወራት የፈጀ እርጥበት፣ ዝገት፣ ሻጋታ፣ የአሠራር ጉድለት በየትኛውም ሥር አይገባም፣ ምክንያቱም ኢንሹራንስ ድንገት ለሚደርስ ነገር እንጂ ሲደርስ እየታየ ለቆየ ነገር አይደለም። የመጣው ሰውዬ ስለ ግድግዳው የተናገረው ልክ ነው። ስለ ሳሎኑ ግን ምንም አልተናገረም፣ አንቺም የተናገረ አድርገሽ አትቀበዪው። ሁለቱን ጉዳት ለይተሽ አቅርቢ። የግድግዳውን ከጥያቄሽ ውስጥ ራስሽ አውጪው። «ይሄኛው የቆየ ነው፣ አልጠይቅበትም፣ የምጠይቀው በዚያ ሌሊት በደረሰው ላይ ነው» ብለሽ ጻፊ። ሁሉንም አንድ ላይ ስታቀርቢ ገማቹ (ጉዳቱን አይቶ ዋጋ የሚያወጣው ባለሙያ) አሮጌውን ይዞ አዲሱንም ይጥልብሻል። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፣ ያናድደኛልም፣ ምክንያቱም መከፈል የሚገባው ሰው ነው ባዶ እጁን የሚመለሰው።

የተላቀቀው ቱቦ ራሱ የሚጠገንበትን ወጪ አትጠብቂ፣ የሚከፈለው ውሃው ላበላሸው ነው። ዕቃዎቹን በተመለከተ ባንክ የሚያስገባው ብዙ ጊዜ ሕንፃውን ብቻ ነው፣ ምክንያቱም መያዣው ሕንፃው ነው። ኮርኒሱ፣ ቀለሙ፣ ወለሉ፣ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ኤሌክትሪክ ሕንፃ ነው። ሶፋ፣ ፍሪጅ፣ ፍራሽ የቤት ዕቃ ነው፣ ለብቻው ካልተጻፈ አይሸፈንም። ቁም ሳጥኑ ግድግዳ ላይ የተገጠመ ከሆነ ተከራከሪበት።

ገንዘቡን በተመለከተ ባንኩ በውሉ ላይ ቀዳሚ ተጠቃሚ ተብሎ ከተጻፈ ክፍያው በእነሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ለጥገና እንዲለቁልሽ ደብዳቤ ጻፊላቸው፣ ለመጠነኛ ጉዳት ብዙ ጊዜ ይለቃሉ።

በቃል የተነገረሽን እርሺው። ጥያቄሽን በጽሑፍ አስገቢና ገቢ የተደረገበትን ቁጥር ያዢ፣ እምቢ ካሉም የትኛውን አንቀጽ ይዘው እንደሆነ ጠቅሰው በደብዳቤ ይስጡሽ። ኢንሹራንሶችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው፣ አቤቱታ እዚያ ይቀርባል። ፍርድ ቤትም አለ፣ ግን ከኢንሹራንስ ውል የሚነሳ ክስ በ2 ዓመት ይርጋ ይታገዳል፣ ማለትም ጊዜው ካለፈ መክሰስ አይቻልም። የ1952ቱ ንግድ ሕግ የኢንሹራንስ ክፍል ዛሬም ይሠራል፣ አዲሱ አዋጅ 1243/2013 አልሻረውም።

ፎርማን_ገላን

ከላይ ያለው ወንድሜ የወረቀቱን ነገር ጨርሶታል፣ እኔ የቤቱን ልጨምር።

የተላቀቀውን መጋጠሚያ ጣልሽው እንዴ? ካልጣልሽው በፌስታል ጠቅልለሽ አስቀምጪ። እሱ ነው ምስክርሽ። ፒፒአር ቱቦ በማሽን በደንብ ሳይሞቅ ከተጋጠመ ዓመታት ይቆይና አንድ ሌሊት የመስመር ግፊት ሲመጣ ሙሉ በሙሉ ውልቅ ይላል፣ አፉ ንጹሕና ለስላሳ ሆኖ ታይዋለሽ። ቀስ እያለ ሲያፈስ የቆየ መጋጠሚያ ግን ዙሪያውን ነጭ ጨው የመሰለ ቅርፊት ይይዛል፣ ብረት ካለበትም ዝገት አለው። ገማቹ ይህን ለማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም።

ግድግዳና ኮርኒስም እንደዚሁ ነው። የአንድ ሌሊት ውሃ አንድ መስመር ነው የሚተወው። የቆየ ርጥበት ቢጫ ክብ ይሠራል፣ በክቡ ውስጥ ሌላ ክብ፣ ደግሞ ሌላ፣ ምክንያቱም ይደርቃል እንደገና ይርሳል። ፊኖው በጥፍር ሲነካ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ ፎቶ ስታነሺ ሳሎኑን ለብቻ፣ ያንን ግድግዳ ለብቻ። ከቅርብም ከሩቅም አንሺ። ኮርኒሱ የወደቀበትን ቀዳዳ ወደ ላይ አንሺው፣ ቱቦው የተላቀቀበት ቦታና ውሃው የወረደበት መንገድ በአንድ ፎቶ ቢታይ በጣም ጥሩ ነው።

ጥገናውን በተመለከተ ጉዳቱ እንዳይብስ ማድረግ ግዴታሽ ነው፣ ማንም አይከለክልሽም። ውሃውን ዝጊ፣ ቆጣሪው ጋ ያለውን ዋናውን ብሬከር አጥፊና ኤሌክትሪሺያን ሳያየው አታብሪ (ጂፕሰም ውስጥ የተደበቀ የመብራት ሽቦ ውሃ ጠጥቶ ከሆነ ቀልድ አይደለም)፣ የረጠበውን ፍራሽና ምንጣፍ አውጪ፣ መስኮት ክፈቺ። የወደቀውን ጂፕሰም ግን ግቢ ውስጥ ጥግ ላይ ከምረሽ አቆዪው፣ ሸራ አልብሽው፣ ገማቹ ሳያየው በጋሪ አይሂድ። ቀለምና አዲስ ኮርኒስ ከእነሱ ፈቃድ በኋላ ነው። የጥገና ዋጋ ከሁለት ሦስት ቦታ በማኅተም አስጽፈሽ አያይዢ፣ አንዱን ብቻ ከሰጠሽ ዋጋ ላይ ይጨቃጨቁሻል።

ያ አሮጌ ግድግዳ ደግሞ ይታሰብበት። ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጊና ሮቶው ላይ ውሃው የደረሰበትን በእስክሪብቶ ምልክት አድርገሽ እደሪ። ጠዋት ከምልክቱ ወርዶ ካገኘሽው ግድግዳው ውስጥ የሚያፈስ አለ ማለት ነው። ከቆጣሪ በቀጥታ ለሚመጣው መስመር ደግሞ የሮቶውን መግቢያ ጭምር ዘግተሽ፣ ውሃ በመጣ ሌሊት ቆጣሪው ይዞር እንደሆነ እይው።

ሀቁን_እንነጋገር

እህቴ ተስፋ እንዳትቆርጪ እንጂ እኔ የደረሰብኝን ልናገር። ለቡ ነው ቤቴ። ያን ሰሞን ክረምት የጣለው ዝናብ በጣራ ገብቶ መኝታ ቤቱን አበላሸው። የማዕበል ሽፋን አለኝ፣ ወረቀቱ ላይ በግልጽ ተጽፏል። ሄጄ ጠየቅኩ፣ «ጣራህን ነፋስ አልነቀለውም» ብለው መለሱኝ። ዝናብ አልዘነበም እንዴ? አረቦን ሲቀበሉ እንደዚህ አያጣሩም። ሰው ለፍቶ የሠራው ቤት ነው፣ እንዲህ ሲደረግ ያማል።

ክሌም_ክፍል_የነበርኩ

ወንድሜ ህመምህ ይገባኛል፣ አረቦን ሲቀበሉ ይህን ማስረዳት ነበረባቸው፣ እዚህ ላይ ካንተ ጋ ነኝ። ግን የማዕበል ሽፋን የሚሠራው እንዲህ ነው። ነፋሱ ወይም በረዶው መጀመሪያ ጣራውን መቅደድ፣ ቆርቆሮውን መንቀል ወይም መስኮቱን መስበር አለበት፣ ዝናቡም በዚያ በተከፈተው ሲገባ ነው የሚከፈለው። ቆርቆሮው ዝጎ በበሳው፣ ምስማሩ ላልቶ ወይም አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ውሃው ወደ ውስጥ ከተመለሰ የጥገና ጉዳይ ነው ይሉሃል። አሸንዳ በግንቦት መጨረሻ ክረምቱ ሳይገባ ይጠረግ፣ ሲጠረግም ፎቶ ይነሳ። ጣራዬን እከባከብ ነበር ለማለት ከዚያ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ከሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው፣ ቤት ከገዛሁ ቆይቻለሁ፣ እናቴ ግን ለገጣፎ ስለምትኖር ይህን ውይይት በጉጉት እያነበብኩ ነው።

የሚገርማችሁ እዚህም ክርክሩ ያው ነው። እዚህ የቤት ኢንሹራንስ አንድ ጥቅል ነው፣ ሕንፃውም ዕቃውም፣ ቤቱ እስኪጠገን ሌላ ቦታ የምታርፍበት ወጪም ጭምር ይካተታል። ውሃን በተመለከተ ግን «ድንገተኛና ያልታሰበ» የሚለው ነው የሚወስነው። ቱቦ ከፈነዳ ይከፍላሉ። ለሳምንታትና ለወራት ሲያንጠባጥብ ከቆየ አይከፍሉም። ጎርፍ ደግሞ ጭራሽ ከመደበኛው ውስጥ የለም፣ ለብቻው ይገዛል፣ አብዛኛው ሰው በመንግሥት የጎርፍ ፕሮግራም በኩል ነው የሚገዛው። እሱም ለመኖሪያ ቤት ሕንፃው እስከ 250,000 ዶላር፣ ዕቃው እስከ 100,000 ዶላር ነው፣ ከገዛሽ በኋላም አብዛኛውን ጊዜ 30 ቀን ካለፈ ነው መሥራት የሚጀምረው፣ ደመና አይቶ የሚሮጥ ሰው እንዳይኖር። የፍሳሽ መስመር ወደ ኋላ ተመልሶ ቤት ከሞላም ተጨማሪ ከፍለሽ ካላስገባሽው የለም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እዚህ ቤቱ ባዶ በሚቆይበት ጊዜ የሚደርስ የቧንቧ ጉዳት ላይ ጥብቅ ናቸው። እናንተም ጋ ቤት ዘግቶ ውጭ አገር የሚከርም ሰው ብዙ ስለሆነ ውሉ ስለ ባዶ ቤት ምን እንደሚል ማየት ይበጃል። እህታችን አንድ ሌሊት አድራ ስለተመለሰች ይህ እሷን የሚያሰጋት አይመስለኝም።

ኮዬ_ፈጬ_ብሎክ

በዚሁ እኔም ልጠይቅ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነኝ። ከላዬ ያለው ቤት ተከራይ አለው፣ ውሃ በሌለ ሰዓት ቧንቧውን ከፍቶ ውሃ ሲያጣ ሳይዘጋው ይወጣል፣ ሌሊት ሲመጣ በእኔ ኮርኒስ ይወርዳል። ከአንድም ሁለት ጊዜ። እኔ ኢንሹራንስ የለኝም። ማንን ነው የምጠይቀው፣ ተከራዩን ወይስ አከራዩን?

ሕግ_የተማርኩ

ሁለቱንም መጠየቅ ትችላለህ፣ መሠረቱ ግን ይለያያል። ተከራዩ ቧንቧ ከፍቶ መውጣቱ ጥፋት ነው፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2028 መሠረት በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ይክሳል። ችግሩ ቧንቧ ተከፍቶ ከመቅረት ሳይሆን የተበላሸ ቱቦ ከሆነ ደግሞ ቁጥር 2077ን እይ። የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፣ ድንገተኛ ነገር ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ አከራዩ «እኔ እዚያ አልኖርም» ብሎ ማምለጥ አይችልም። ይርጋው እዚህም 2 ዓመት ነው፣ በሽምግልና ስትመላለስ እንዳያልፍብህ።

ግን ከክስ በፊት የብሎክ ኮሚቴውን ጥራ። ውሃው እየወረደ እያለ መጥተው ይዩ፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ይፈርሙ። ጎረቤት ከጎረቤት መካሰስ ከባድ ነው፣ አብራችሁ ነው የምትኖሩት፣ ስለዚህ አስቀድመህ ቡና ላይ አንሳው። የውሃው መውረጃ የጋራ መስመር ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ የማኅበሩ ነው፣ የግለሰቡ አይደለም።

ሰላም፣ ያንቺ ቤት የራስሽ ስለሆነ ይህ አይመለከትሽም። ግን ቱቦውን የዘረጋው ባለሙያ ውል ካለሽና ዋስትና የሰጠበት ጊዜ ካላለፈ እሱንም መጠየቅ ይቻላል። ኢንሹራንሱ ከከፈለሽም ኋላ እሱን የመጠየቁ መብት በከፈለው መጠን ወደ ኢንሹራንሱ ይተላለፋል፣ ስለዚህ ከባለሙያው ጋ «ተውኩት» የሚል ወረቀት እንዳትፈርሚ።

ሰላም_ቱሉዲምቱ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባንክ ሄጄ ሙሉውን ወረቀት አስገለበጥኩ። ከኋላ ተያይዟል! የታንከርና የቧንቧ መፈንዳት አለ፣ ማዕበልም አለ፣ ጎርፍ ግን የለም። ዕቃ የለም፣ ሕንፃ ብቻ። መጋጠሚያውን ባለቤቴ ቆሻሻ ውስጥ ከትቶት ነበር፣ አግኝተነዋል፣ አፉ ፎርማኑ እንዳለው ንጹሕ ነው። ግድግዳውን አውጥቼ ደብዳቤውን ጽፌያለሁ፣ ነገ ገቢ አደርጋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ፣ የተገባበት የገንዘብ መጠን 3 ሚሊዮን ብር ነው የሚለው። ብድሩን ስንወስድ የተገመተው ነው። ይህ ችግር አለው?

ክሌም_ክፍል_የነበርኩ

አለው፣ ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ሰው ይህን የሚያውቀው ቼኩ ሲመጣ ነው።

ቤቱን ዛሬ እንደገና ለመሥራት ስንት ይፈጃል? መሬቱን ትተሽ፣ ግንባታውን ብቻ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብሩ በገበያ ሲወሰን ከውጭ የሚመጣው ሴራሚክ፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃና የኤሌክትሪክ ዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቂያለሽ። 6 ሚሊዮን ነው እንበል። አንቺ ያስገባሽው በ3 ሚሊዮን ነው፣ ግማሹን። ስለዚህ ጉዳቱ 400,000 ብር ቢሆን የሚከፍሉሽ 200,000 ነው፣ ቀሪውን ራስሽ እንደ ኢንሹራንስ ሆነሽ ትሸከሚያለሽ። ከዚያ ላይ ደግሞ በውሉ የተጻፈው ተቀናሽ አለ፣ ከጉዳቱ ራስሽ የምትሸፍኚው ድርሻ ማለት ነው። ብዙ ሰው «ጉዳቴ ከ3 ሚሊዮን በታች ስለሆነ ሙሉ ይከፈለኛል» ብሎ ያስባል፣ እንደዚያ አይደለም።

ለዚህኛው ጉዳት የሚቀየር ነገር የለም። ግን ገማቹ የቤቱን ዋጋ ሲያሰላ አብረሽ ቁሚ፣ የመሬቱንና የአካባቢውን የሽያጭ ዋጋ ጨምሮ ካሰላ ክፍያሽን ያሳንሰዋል፣ ትክክለኛው መለኪያ የግንባታ ወጪው ነው። እርጅና የሚቀንስ ከሆነም ከምን ተነስቶ እንደቀነሰ አስጽፊው።

ለሚቀጥለው ዓመት ባንኩ እስኪያሳድስልሽ አትጠብቂ። ባንኩ የሚያስበው ለብድሩ ቀሪ ነው። ጊዜው ሊያልቅ ወር ሲቀረው ራስሽ ሄደሽ የሕንፃውን መጠን አስተካክዪ፣ የቤት ዕቃውን በዝርዝር አስገቢ፣ እና ከቤትሽ በላይ ያለው መንገድ ውሃውን ወደናንተ ግቢ የሚያወርድ ከሆነ ጎርፉንም ጨምሪ። ነገ ደብዳቤውን ስታስገቢ ገቢ የሆነበትን ቁጥር ፎቶ አንስተሽ ለባለቤትሽም ላኪለት።